የኦቾሎኒ ገበሬውና አሥራ አራተኛው የምርጫ ወረዳ

በአሜሪካ ሕግ የሚወጣው በዋሽንግተን ብቻ አይደለም። ሃምሳዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። የገጠር ትምህርት ቤት በጀት፣ የመንገድ ጥገና፣ የግዛቱ ግብር፣ የምርጫ አፈጻጸም በአብዛኛው የሚወሰኑት በእነዚህ ምክር ቤቶች ነው። ስለዚህ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ለሚኖር ገበሬ፣ በግዛቱ ምክር ቤት ተገኝቶ ስለ እርሱ የሚናገረው ሰው ማን ነው፣ በምን ሁኔታስ ተመረጠ የሚለው ጥያቄ የዕለት ኑሮውን የሚነካ ጉዳይ ነው።

ይህን ጥያቄ አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ታሪክ በደቡባዊቱ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 ተፈጽሟል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዓመት በግዛቱ ደቡብ ምዕራብ የሚገኙ ሰባት የገጠር አውራጃዎች ተጣምረው አሥራ አራተኛው የምርጫ ወረዳ ተባሉ። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አንድ ሰው እንዲልኩም ታዘዙ። ሰውዬው እስኪታወቅ ድረስ ግን ሦስት ሳምንት የፈጀ ክርክር፣ የፍርድ ቤት ሙግትና ሁለተኛ ምርጫ አስፈልጓል። በመጨረሻ የተመረጡት የ38 ዓመቱ የኦቾሎኒ ገበሬ ሚስተር ጂሚ ካርተር ነበሩ። ከ14 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው እንደተመረጡ ይታወቃል። የሕዝብ ተወካይነታቸው የጀመረው ግን በዚህች የገጠር ወረዳ ነው።

አካባቢውና ሕዝቡ

የወረዳው አውራጃዎች ሰምተር፣ ዌብስተር፣ ስቱዋርት፣ ኩዊትማን፣ ራንዶልፍ፣ ቴረልና ቻታሁቺ ይባላሉ። ወረዳው በስተምዕራብ ጆርጂያን ከአላባማ በሚለየው በቻታሁቺ ወንዝ ይዋሰናል። በጠቅላላው ወደ 75,000 የሚጠጋ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ሚስተር ካርተር የተወለዱባት የፕሌንስ ከተማ በሰምተር አውራጃ የምትገኝ ስትሆን፣ ከዋናው ከተማ ከአትላንታ በስተደቡብ ከ200 ኪሎ ሜትር የበለጠ መንገድ ትርቃለች። የነዋሪዎቿ ቁጥር 700 እንኳ አይሞላም ነበር። ጥንት የሠፈራው ስም በነቢዩ ዳንኤል መጽሐፍ ከተጠቀሰው፣ ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እሳት ከተጣሉበት ከዱራ ሜዳ የተወሰደ ነው። የባቡር ሐዲድ ሲመጣ ስሙ አጥሮ «ሜዳ» የሚለው ብቻ ቀረ፤ ፕሌንስ ማለትም ይኸው ነው።

የአካባቢው አፈር ቀይና አሸዋማ ነው። ቀደም ባለው ዘመን ጥጥ የገበሬው ሁሉ መተማመኛ ነበር። ነገር ግን በ1910ዎቹ ዓመታት የጥጥ ፍሬ የሚያጠቃ ተባይ ወደ ጆርጂያ ገብቶ ማሳውን ስላጠፋው፣ ብዙ ገበሬ ወደ ኦቾሎኒ ተዛወረ። ኦቾሎኒ ፍሬውን የሚይዘው ከመሬት በታች በመሆኑ ለእንዲህ ያለው ልል አፈር ተስማሚ ነው። ከጥጥ ጋር እየተፈራረቀ ሲዘራም መሬቱን ያለማል። በ1930ዎቹ ዓመታት ገበሬው በበቅሎ አርሶ፣ ተክሉን ነቅሎ፣ በየማሳው በተተከለ እንጨት ዙሪያ ከምሮ ያደርቀው ነበር። ሚስተር ካርተር ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በፕሌንስ መንገድ ላይ እየዞሩ ይሸጡ እንደነበር ተናግረዋል።

መሬቱ በአብዛኛው የነጮች ሲሆን፣ አራሹ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ጭሰኛ ነበር። ጭሰኛው ዘርና ስንቅ በብድር ወስዶ ያርሳል፣ በመከር ወራት ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ይካፈላል፣ ብድሩ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ እጁ ባዶ ይቀራል። ካርተር ያደጉባት አርቸሪ የምትባል መንደር ነዋሪዎቿ ከጥቂቶች በቀር ጥቁሮች ነበሩ። የልጅነት ባልንጀሮቻቸውም እነርሱው ናቸው። በቤታቸው የሚበራው የላምባ መብራት ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት የገባላቸው በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ መንግሥት በ1935 ባቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ ድርጅት እየተረዱ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው መስመር ሲዘረጉ ነው። አባታቸውም በዚሁ ማኅበር አመራር ውስጥ ይሠሩ ነበር። የመንግሥት ውሳኔ በአንድ ገበሬ ጎጆ ውስጥ ምን ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ልጁ ካርተር የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

ከባሕር ኃይል ወደ እርሻ

ሚስተር ካርተር በ1946 ከባሕር ኃይል አካዳሚ ተመርቀው በባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ላይ በመኮንንነት ሲያገለግሉ ቆዩ። በ1953 አባታቸው በካንሰር ሞቱ። አባትየው በዚያን ጊዜ በጆርጂያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሰምተር አውራጃ እንደራሴ ሆነው ከተመረጡ ገና አንድ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ልጃቸው በኀዘኑ ሰሞን ቤቱን ከሞላው ሰው አንደበት እንደሰሙት፣ አባትየው ለማን ዘር እንዳበደሩ፣ የማንን ዕዳ እንደተዉ፣ የማንን ልጅ እንዳስተማሩ ቤተ ሰቡ እንኳ በሙሉ አያውቅም ነበር። ወጣቱ መኮንን ሹመቱን ትቶ ከባለቤቱ ከሮዛሊንና ከልጆቹ ጋር ወደ ፕሌንስ ተመለሰ።

አጀማመሩ አላማረም። በ1954 ድርቅ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት ትርፍ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም። ቤተ ሰቡ ይኖር የነበረው መንግሥት ለአነስተኛ ገቢ ሰዎች ባሠራው ቤት ውስጥ ነበር። ሚስተር ካርተር ግን ከአካባቢው ገበሬዎች ምክር ጠየቁ። በቲፍተን ከሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ትምህርት ቀሰሙ። ምርጥ የኦቾሎኒ ዘር እያባዙ መሸጥ፣ የገበሬውን ምርት መፈልፈል፣ ማዳበሪያ ማቅረብና ጥጥ መዳመጥ ጀመሩ። ባለቤታቸው ሂሳቡን ይይዙ ነበር። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ በአውራጃው የሕዝብ ሥራዎች መሳተፍ ቀጠሉ፤ ከእነዚህም ዋናው የአውራጃው የትምህርት ቦርድ ሲሆን፣ በኋላ የቦርዱ ሰብሳቢ ሆነዋል።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሳሉ የተበታተኑትን የገጠር ትምህርት ቤቶች በማዋሐድ የተሻለ መምህርና የትምህርት መሣሪያ ለማግኘት እቅድ አቀረቡ። በ1961 እቅዱ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በጠባብ ልዩነት ወደቀ። ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ውሕደቱ ነጭና ጥቁር ልጆችን በአንድ ክፍል ወደ ማስተማር ያመራል ብለው ሰግተው ነበር። ካርተር ለትምህርት ጉዳይ የግዛቱ ምክር ቤት ድጋፍ እንደሚያስፈልግ የተገነዘቡት ከዚህ ሽንፈት በኋላ ነው።

የአውራጃ ነጥብ የሚባለው አሠራር

የ1962ቱን ምርጫ ለመረዳት የጆርጂያን የቆየ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ግዛቱ 159 አውራጃዎች አሉት። በፓርቲ ቅድመ ምርጫ ላይ የሚቆጠረው የሰው ድምፅ ሳይሆን የአውራጃ ነጥብ ነበር። ስምንቱ ትልልቅ አውራጃዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ቀጥለው ያሉት 30ዎቹ 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 አውራጃዎች ደግሞ 2 ነጥብ ነበራቸው። በዚህም መሠረት አትላንታ የምትገኝበት የፉልተን አውራጃ 556,326 ሕዝብ ይዞ 6 ነጥብ ሲያገኝ፣ 1,876 ሕዝብ የነበረው የኤኮልስ አውራጃ 2 ነጥብ ያገኝ ነበር። ሲሰላ በኤኮልስ አንድ ነጥብ 938 ሰዎችን፣ በፉልተን ግን 92,721 ሰዎችን ይወክላል ማለት ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ይህ አሠራር ገጠሩን የሚጠቅም ይመስላል። በተግባር የጠቀመው ግን ገበሬውን ሳይሆን፣ ትንንሾቹን አውራጃዎች በእጃቸው የያዙትን ጥቂት ሹማምንት ነበር። በአንድ ትልቅ ከተማ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ከማግባባት፣ በሦስት ትንንሽ አውራጃዎች ሦስት ሰዎችን መያዝ ይቀላል። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በብዙ ቦታ ሦስት ሦስት አውራጃዎች በተራ አንድ አንድ ሰው ይልኩ ስለነበር፣ ማንኛውም ተወካይ ሥራውን ሳይለምድ ተራው ያልፍ ነበር።

በመጋቢት 1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴኔሲ ግዛት በቀረበለት ጉዳይ ላይ፣ የምርጫ ወረዳ አከፋፈል በፍርድ ቤት ሊመረመር ይችላል ሲል ወሰነ። በሚያዝያ ወር አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የአውራጃ ነጥቡን አሠራር ሻረ። ግዛቱም የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት መቀመጫዎች በሕዝብ ብዛት እንደገና ለማከፋፈል ተገደደ። አሥራ አራተኛው ወረዳ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ሚስተር ካርተር ዕጩነታቸውን ያስታወቁት በ38ኛ የልደት ቀናቸው፣ ጥቅምት 1 ቀን ሲሆን፣ ለቅድመ ምርጫው የቀሩት 15 ቀናት ብቻ ነበሩ።

የጆርጅታውን ሣጥን

በዚያ ዘመን በጆርጂያ የዴሞክራት ፓርቲን ቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ሰው እንደተመረጠ ይቆጠር ነበር። የካርተር ተፎካካሪ በስቱዋርት አውራጃ የሪችላንድ ከተማ ነጋዴ የነበሩት ሚስተር ሆሜር ሙር ናቸው። ጥቅምት 16 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ከስድስቱ አውራጃዎች በመጣው ቆጠራ ካርተር በ70 ድምፅ መሩ። የመጨረሻው ውጤት ከኩዊትማን ሲደርስ ግን በ139 ድምፅ ተሸነፉ ተባለ።

ኩዊትማን ከሰባቱ አውራጃዎች ትንሹ ሲሆን ሕዝቡ 2,500 እንኳ አይሞላም። አውራጃውን እንደ ግል ርስት ይዘውት የነበሩት በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የአውራጃው እንደራሴና የፓርቲው ሹም ሚስተር ጆ ኸርስት ናቸው። በዋናዋ ከተማ በጆርጅታውን በፍርድ ቤቱ አዳራሽ በተደረገው ምርጫ መራጩ ተከልሎ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ አልነበረም። መራጩ በሹሙ ፊት ቆሞ ምልክት እንዲያደርግ ይደረግ ነበር። የካርተር ታዛቢ ይህን አይተው ተቃወሙ፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ካርተር ራሳቸው ወደ ሥፍራው ቢሄዱም ምንም ሊያደርጉ አልቻሉም።

ብዙ ሰው ነገሩን እንዲተዉት መክሯቸዋል። ሹሙን የሚነካ ሰው በአካባቢው መኖር እንደማይቀናው ይነገር ነበር። ዓለም በሙሉ በኩባ ሚሳይሎች የተጨነቀበት ሰሞን በመሆኑም ስለ አንድ ትንሽ አውራጃ ሣጥን የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሚስተር ካርተር ግን ከሰው ሰው እየዞሩ የመራጮችን ቃል በጽሑፍ ሰበሰቡ። የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጆን ፔኒንግተን ወደ ጆርጅታውን ሄደው ያጠናቀሩት ዜና በጋዜጣ ወጣ። በምርጫው ዕለት እግራቸው ከሥፍራው ያልደረሰ ሰዎች ድምፅ እንደሰጡ ተመዝግቦ ተገኘ። የአትላንታው የሕግ ጠበቃ ሚስተር ቻርልስ ከርቦ ጉዳዩን ይዘው ቀረቡ።

ሣጥኑ በዳኛ ፊት ሲከፈት እሽጉ እንደሚገባው አልነበረም። ድምፅ የሰጡት 333 ሰዎች ሲሆኑ ከሣጥኑ የተገኘው ወረቀት 420 ነበር። ከወረቀቶቹም ከፊሎቹ በአንድነት ተጠቅልለው ተገኙ። መራጭ አንድ በአንድ የሚያስገባው ወረቀት ተጠቅልሎ ሊገኝ እንደማይችል ማንም ያውቃል። ዳኛው የጆርጅታውንን ሣጥን በሙሉ ውድቅ አደረጉ። በቀረው ቆጠራ ካርተር በ65 ድምፅ አሸናፊ ሆኑ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዋናው ምርጫ ኅዳር 6 ቀን ስለነበር ተፎካካሪው ሌላ አቤቱታ አቀረቡ። ምርጫው ሊከፈት ሰዓታት ሲቀሩት የሁለቱም ስም ከወረቀቱ ተሠርዞ፣ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም በራሱ እጅ እንዲጽፍ ተወሰነ። አስመራጮች ሌሊቱን ሙሉ ስም ሲሠርዙ አደሩ። በማግሥቱ የሰባቱ አውራጃዎች ሕዝብ ለካርተር 3,013፣ ለሙር 2,182 ድምፅ ሰጠ። ልዩነቱ 831 ነበር። ከዚህም በላይ በኩዊትማን ብዙ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት ድምፅ ለመስጠት መብቃቱ ትልቅ ነገር ነበር።

በምክር ቤቱ ውስጥ

ሚስተር ካርተር በጥር 1963 በአትላንታ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት እያንዳንዱን ረቂቅ ሕግ ለማንበብ ቃል ገብተው ነበር። ረቂቆቹ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስለነበሩ ቃላቸውን ለመጠበቅ በፍጥነት የማንበብ ትምህርት እስከ መማር ደርሰዋል። የምክር ቤቱ ስብሰባ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሚቆይ፣ በቀሩት ወራት ወደ ማሳቸውና ወደ ኦቾሎኒ መፈልፈያቸው ይመለሱ ነበር። በክረምቱ ስብሰባ ሰሞን መጋዘኑን የሚያስተዳድሩት ባለቤታቸው ነበሩ።

ለወረዳው ካስገኟቸው ውጤቶች ዋነኛው በትምህርት በኩል ነው። በአሜሪከስ ከተማ የሚገኘው ኮሌጅ በ1906 የእርሻና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ይሰጥ ነበር። የገበሬ ልጅ ከዚያ በላይ ለመማር ከፈለገ ሩቅ ሄዶ ቤት ተከራይቶ መኖር ነበረበት። ሚስተር ካርተር በምክር ቤቱ አጥብቀው ከተከራከሩለት በኋላ፣ ኮሌጁ በ1964 የአራት ዓመት ኮሌጅ ለመሆን በቃ። ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይገኛል። ከዚህ ሌላ በአካባቢው ያሉ አውራጃዎች የልማት እቅዳቸውን በጋራ የሚያወጡበት የፕላንና ልማት ኮሚሽን እንዲቋቋም ረድተዋል። በተናጠል መሐንዲስ ለመቅጠር አቅም የሌላቸው ትንንሽ ከተሞች ውኃና መንገድ ለማሠራት የሚያስችላቸው በእንዲህ ያለ ኅብረት ነውና።

በ1964 ምክር ቤቱ አዲስ የምርጫ ሕግ ሲያወጣ ጉዳዩ ለአሥራ አራተኛው ወረዳ ተወካይ እንግዳ አልነበረም። በክርክሩ መካከል አንድ እንደራሴ፣ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፈው ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ የሚል ማሻሻያ በቀልድ አቅርበው አዳራሹን ማሳቃቸውን ካርተር በኋላ ጽፈዋል። ቀልዱ ለሌላው ሰው ሳቅ ነበር፤ ለኩዊትማን መራጭ ግን የደረሰበት ነገር ነው።

ያልተናገሩት ጉዳይ

የዚህ ወረዳ ታሪክ ሲጻፍ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አይኖርም፤ ይኸውም የጥቁሮች ሁኔታ ነው። በብዙዎቹ አውራጃዎች ጥቁሮች ከነጮች ይበልጡ ነበር። በምርጫ መዝገብ ላይ ግን ስማቸው እምብዛም አይገኝም። በቴረል አውራጃ መዝጋቢዎች ጥቁሮችን እንደሚከለክሉ ተደርሶበት፣ የ1957ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በማድረግ የመጀመሪያው ክስ የቀረበው በእነርሱ ላይ ነው። በምክር ቤቱ ካርተር ካደረጓቸው የመጀመሪያ ንግግሮች አንዱ፣ ጥቁሮችን ከመዝገብ ለማስቀረት መሣሪያ የነበረውን የ30 ጥያቄዎች ፈተና የሚቃወም ነበር። ቀደም ሲልም ለነጮች የበላይነት የቆመ ማኅበር እንዲገቡ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ንግዳቸው ላይ አድማ ተጠርቶባቸው ነበር።

ይሁን እንጂ በ1963 በአሜሪከስ ጥቁር ወጣቶች እኩልነት ጠይቀው በጅምላ ሲታሰሩ፣ የወረዳው ተወካይ በአደባባይ ድምፃቸውን አላሰሙም። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ይህን ዝምታ ሳይነቅፉ አላለፉም። የመራጩ መዝገብ በሰፊው የተከፈተው በ1965 በወጣው የፌዴራል የምርጫ መብት ሕግ ነው። ካርተር በአደባባይ የዘር ልዩነት ዘመን አለፈ ብለው የተናገሩት በጥር 1971 የግዛቱ ገዥ ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ነበር። ሕዝብ በሚያስፈልገው ጊዜና ተወካዩ በሚናገርበት ጊዜ መካከል ብዙ ዓመት ሊያልፍ እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

እስከ ኢትዮጵያ ገበሬ ማሳ

ሚስተር ካርተር ለሁለተኛ ጊዜ ተመርጠው እስከ 1966 ድረስ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አገልግለዋል። ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ ወደ ፕሌንስ ተመልሰው፣ ከሥራዎቻቸው ብዙውን በአፍሪካ ገጠር ላይ አዋሉት። ከጃፓናዊው በጎ አድራጊ ከሪዮይቺ ሳሳካዋና ከስንዴ ተመራማሪው ከዶክተር ኖርማን ቦርሎግ ጋር በመተባበር የተመሠረተው ሳሳካዋ ግሎባል 2000 በ1993 በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ገበሬው በራሱ መሬት ላይ በግማሽ ሄክታር ማሳ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እየወሰደ በበቆሎ፣ በስንዴና በጤፍ ሠርቶ ማሳያ እንዲሠራ ተደረገ። ውጤቱ በመታየቱ መንግሥት በ1995 ላወጣው የኤክስቴንሽን ፕሮግራም መነሻ ሆኗል። በ2001 አካባቢ በቆሎ በዝቶ ዋጋው ሲወድቅ ግን የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ተቸግሯል። ምርት ያለ ገበያ ገበሬውን ብቻውን እንደማያወጣው በዚያ ጊዜ በግልጽ ታየ። የካርተር ማእከል ደግሞ በጊኒ ዎርም፣ በወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነትና በተለይም በአማራ ገጠር ሰፍኖ በኖረው በትራኮማ ላይ ከጤና ሠራተኞች ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርቷል።

ሚስተር ካርተር ታኅሣሥ 29 ቀን 2024 በመቶ ዓመታቸው በፕሌንስ ዐረፉ። የተቀበሩትም በዚያው በመኖሪያ ግቢያቸው፣ ከአንድ ዓመት በፊት ካረፉት ከባለቤታቸው አጠገብ ነው።

ከአሥራ አራተኛው ወረዳ ታሪክ ለገጠር ሕዝብ የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። ለገበሬው ኮሌጅ፣ መንገድና የውኃ ቧንቧ የሚያመጣለት ችግሩን የሚያውቅ ተወካይ ነው። እንዲህ ያለውን ተወካይ የሚያገኘው ግን ሣጥኑ የታመነ ሲሆን ብቻ ነው። በጆርጅታውን የተጨመሩት ወረቀቶች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ የ75,000 ሰዎችን ቃል ለመስረቅ ግን በቅተው ነበር። የተሰረቀውን ያስመለሰው የአንድ ሰው ጽናት ብቻ አይደለም። ያዩትን ለመመስከር ያልፈሩ የኩዊትማን ገበሬዎች፣ ለማጣራት መንገድ የገባ ጋዜጠኛና ሣጥኑን አስከፍቶ የቆጠረ ዳኛ በየፊናቸው ድርሻቸውን ባይወጡ ኖሮ፣ ዓለም የፕሌንሱን ኦቾሎኒ ገበሬ ስም ላይሰማ በቻለ ነበር።